ትከሻ ላይ የቀረ እጅ

ጋርላንድ በምትባለው የዳላስ ጎረቤት ከተማ፣ በእናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ዝቅ ብሎ አንድ ያረጀ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን ታቅፋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሹሩባዋ ገና ትናንት የተሠራ ይመስላል። አንገቷ ላይ ማተብ፣ ትከሻዋ ላይ ጥለቱ ሰፊ የሆነ ኩታ አለ። ከፎቶው በስተቀኝ ካባ የደረበ፣ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ ሰው ቆሟል። በስተግራ ማንም የለም። ነገር ግን ከዚያ በኩል የመጣ አንድ እጅ በሴትዮዋ ትከሻ ላይ አርፏል። አራት ጣትና የእጅጌ ጫፍ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ በመቀስ ተቆርጧል።

ይህን ፎቶ ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ። ዘመኑ 1985 ዓ.ም፣ ዕድሜዬ 14 ነበር። አያቴ ሻንጣዬን ስታሰናዳ በፌስታል ጠቅልላ በበርበሬውና በሽሮው መካከል ሸጎጠችው። «ይቺ እናቴ ናት፤ ይሄ አባቴ፤ የታቀፈችው እኔ ነኝ» አለችኝ። «እጁስ የማን ነው?» ስላት፣ «የዘመድ ነው» ብላ ዚፑን ዘጋችው። አያቴ በ1998 ዓ.ም ዐረፈች። በእነዚያ 13 ዓመታት ውስጥ ስንት ጊዜ በስልክ አውርተናል! ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ትምህርቴ፣ ስለ ዳላስ ሙቀት። ስለዚያ እጅ ግን አንድ ቀን እንኳ መልሼ አልጠየቅኳትም።

ፍለጋውን የጀመርኩት እሷን ከቀበርን ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። መንገዱን የከፈተልኝም ከሰዎቹ መልክ ይልቅ የፎቶ አንሺው ስም ነበር። አንድ ምሽት ፎቶውን ከመስታወቱ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስተኛሁትና የእጅ ባትሪ በጎኑ አበራሁበት። ከላይ ሲበራበት ምንም የማይታየው የታችኛው ጥግ፣ ብርሃኑ በአግድም ሲመጣ ጥላ ጣለ። ያለ ቀለም በግፊት የታተሙ የላቲን ፊደላት አንድ በአንድ ብቅ አሉ፦ ቦያጂያን፣ አዲስ አበባ። የቤተሰቤ ታሪክ ከዚህ ስም ታሪክ ጋር እንደተሰፋ የገባኝ ያን ማታ ነው። ስለዚህ ከመነሻው ልጀምር።

ከመቅደላ እስከ ምኒልክ ግቢ

ከጥንቶቹ የኢትዮጵያ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ ወደ አገራችን ከገባ ጦር ጋር የመጡ ናቸው። በ1860 ዓ.ም ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ከእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ጋር ፎቶ አንሺዎችም ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በዚያው ዓመት ዋይት በምትባለው ደሴት፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ዝነኛ ፎቶ አንሺ ልጁን ካሜራዋ ፊት አስቀመጠችው። ዓይኑ ላይ ያለውን ኀዘን ያየ ሰው አይረሳውም። ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ1879 በሊድስ ከተማ፣ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንድሰር ቤተ መንግሥት ቅጥር ባለው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በዚያ ፎቶ የልጁም ስም፣ የአንሺዋም ስም፣ ቦታውም፣ ዓመቱም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የልዑሉ አሳዳጊ ከነበረው ከካፒቴን ስፒዲ ቤተሰብ ወገን የሆኑ ሰዎች ጠብቀው ያቆዩት የልጁ የፀጉር ዘለላ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ስሙ የተጻፈለት መልክ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ እንኳ ወገን የሚጠይቅለት ያገኛል። ስም የሌለው መልክ ግን፣ ባለቤቱ ምንም ያህል ተወዳጅ ቢሆን፣ በሁለት ትውልድ ውስጥ ባዕድ ይሆናል።

ከመቅደላ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ካሜራው በኢትዮጵያ ነገሥታት ፈቃድ መሥራት ጀመረ። አፄ ምኒልክ መልካቸውን በ1880ዎቹ አጋማሽ ፓሪስ በታተሙት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች ላይ አስቀርጸዋል። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬ ዙሪክ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ፎቶ ማንሳትን በአዲስ አበባ መተዳደሪያ ሙያ አድርገው ለልጅ ካወረሱት መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው አርመኖች ናቸው።

የቀለም ነካሪው ልጅ

ቦያጂያን የሚለው ስም ከቱርክኛው «ቦያጂ» የመጣ ነው፤ ቀለም ነካሪ፣ ቀለም ቀቢ ማለት ነው። «ያን» የሚለው የአርመን ቅጥያ «የእገሌ ልጅ» እንደማለት ነው። ቤድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1868 ተወለደ። ልብ በሉ፣ ዓለማየሁ ካሜሮን ፊት የተቀመጠበት ዓመት ነው። የትውልድ ከተማው ዲያርባኪር፣ በዛሬዋ ቱርክ ደቡብ ምሥራቅ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1896 በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ በወረደው እልቂት ዲያርባኪርም ደም ፈሶባታል። ከዚያ የተረፈው ሕዝብ ሙያውን ተሸክሞ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ወርቅ አንጣሪው፣ ሰፊው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ፎቶ አንሺው።

ቤድሮስ ኢትዮጵያ የደረሰው በእኛ አቆጣጠር በ1898 ዓ.ም ገደማ ነው። አርመኖች አገራችንን እንግዳ አገር ብለው አልመጡም። የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በሃይማኖት እኅትማማች ናቸው፤ በኢየሩሳሌምም ለዘመናት ጎረቤታሞች ሆነው ኖረዋል። ምኒልክ የባለሙያ ወዳጅ ነበሩና ቤድሮስ የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ሆነ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም ምኒልክ ዐረፉ። በተከተሉት ዓመታት ፎቶግራፍ በኢትዮጵያ ፖለቲካ ውስጥ ምን ያህል ከባድ መሣሪያ እንደሆነ ታየ። የምኒልክ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ጥምጥም ጠምጥመው የሚታዩበት ፎቶ ሰልመዋል ብሎ ለመክሰስ ውሏል፤ ተቀነባብሮ የተሠራ ነው የሚለው ክርክር ለመቶ ዓመት ዘልቋል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ኢያሱ ከሥልጣን ተነሡ፤ የካቲት 4 ቀን ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ ጫኑ። ያረጀ ፎቶ የሚመረምር ሁሉ ይህን ትምህርት መያዝ አለበት። ፎቶ ያሳያል እንጂ ብቻውን አይመሰክርም፤ ማን አነሳው፣ ማን አስነሳው፣ ማን ቆረጠው ተብሎ መጠየቅ አለበት።

በ1916 ዓ.ም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ ከእልቂት የተረፉ 40 አርመን ወላጅ አልባ ልጆች አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው፤ የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ደረሰ። የስደተኛ ልጆች ነጋሪታችንን በነሐስ መለከት ሲያጅቡ፣ ስደተኛው ቤድሮስ ደግሞ የሹማምንቱንና የነዋሪውን መልክ በወረቀት ያስቀር ነበር። ቤድሮስ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲያርፍ ሙያው አብሮት አልተቀበረም። ልጆቹ ሃይጋዝና «ቶኒ» እየተባለ የሚጠራው ቶርኮም ተረከቡት። አባት ለምኒልክ እንዳነሳ፣ ልጆች ለተከታዮቹ ነገሥታት አነሱ።

ጥቅምት፣ በዘመነ ሉቃስ

የእኛ ፎቶ የገባው እዚህ ላይ ነው። ጀርባው ላይ በቀጭን ብዕር፣ በቆሎ ተማሪ እጅ የተጻፈ አንድ መስመር አለ፦ «በዘመነ ሉቃስ ጥቅ»። እዚህ ላይ ቃሉ ይቋረጣል። ከፊት በግራ በኩል ያለፈው መቀስ፣ ከጀርባ የጽሑፉን ቀኝ ጫፍ፣ ማለትም ቀኑንና ዓመቱን ይዞት ሄዷል። ከመስመሩ በታች በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ተርፏል። ፎቶ ቤት ነው የጻፈው፤ ደንበኛው ተመልሶ ሲመጣ ኔጋቲቩን ፈልጎ ደግሞ ለማጠብ።

«ጥቅ» ከጥቅምት ሌላ ሊሆን አይችልም። ዘመነ ሉቃስ ደግሞ ለሚያውቅ ሰው ትልቅ ፍንጭ ነው። አራቱ ወንጌላውያን በየዓመቱ ይፈራረቃሉ፤ ሉቃስ በአራት ዓመት አንዴ ይመጣል፤ ጳጉሜን ስድስት የሚሆነውም በእሱ ዘመን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት አካፍሎ ሦስት ከተረፈ ዘመኑ ሉቃስ ነው። በዚህ ስሌት ከፊቴ የቀሩት 1915፣ 1919፣ 1923 እና 1927 ዓ.ም ነበሩ።

ከእነዚህ መካከል የመረጠችልኝ ሕፃኗ ናት። አያቴ ልደቷን ስትጠየቅ ሁልጊዜ «ንግሥት ዘውዲቱ ባረፉበት ሰሞን» ትል ነበር። ዘውዲቱ ያረፉት መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም ነው። ፎቶው ላይ ያለችው ሕፃን አንገቷን አጽንታ፣ ሁለት እጇን በእናቷ ክንድ ላይ ጥላ ቀና ብላ ተቀምጣለች፤ የስድስት፣ የሰባት ወር ልጅ ናት። ስለዚህ ጥቅምት 1923።

ጥቅምት 1923 ደግሞ ተራ ወር አልነበረም። በ22 የአፄ ምኒልክ ሐውልት ተመረቀ፤ በ23 ንጉሥ ተፈሪ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። ከእንግሊዝ የንጉሡ ልጅ የግሎስተር መስፍን፣ ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ መጥተው ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው ወደ አዲስ አበባ ጎረፉ። የእኛ ሰዎች ከቡልጋ እንደመጡ ከቤተሰብ ሲነገር ሰምቻለሁ። አንድ የገጠር ቤተሰብ፣ የመጀመሪያ ልጁን ታቅፎ፣ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ንጉሠ ነገሥቱን የሚያነሱ ሰዎች ቤት ገብቶ ካሜራ ፊት ሲቆም አስቡት። ማንም አልሳቀም። ያን ጊዜ ፎቶ መነሳት እንደ መሐላ ነው፤ ፊት ይከበራል፣ ትንፋሽ ይያዛል። ሕፃኗ ብቻ ጣቷን አንቀሳቅሳ ኖሯል፤ የቀኝ እጇ ጫፍ እንደ ጭስ ደብዝዟል።

መቀሱ

በ1928 ዓ.ም ሚያዝያ መጨረሻ የፋሺስት ጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። የካቲት 12 ቀን 1929 በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ለሦስት ቀን ከተማዋ ታረደች። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ብሎ አስታውቋል። ወታደሮቹ የገደሏቸውን ሰዎች ሬሳ እየከበቡ ፎቶ ይነሱ ነበር፤ እነዚያው ፎቶዎች በኋላ የግፉ ማስረጃ ሆኑ። በየቤቱ ፍተሻ ነበር፤ የተማረ፣ መነኩሴ፣ የአርበኛ ዘመድ የተባለ ሁሉ ይታደን ነበር።

ቀጥሎ ያለውን የነገረችኝ አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ናት። ቅድመ አያቴ በሕይወት ሳሉ ቡና እያፈላች የሰማችው ነው። በስልክ «እትዬ፣ ያ እጅ የማን ነው?» ስላት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«እስካሁን ማንም አልነገረህም እንዴ?»

«የዘመድ ነው ብላኝ ነበር አያቴ።»

«ዘመድ ብቻ! የእማማ ታላቅ ወንድም ናቸው እንጂ። ከአበበ አረጋይ ጋር በረሃ የገቡት።»

የቅድመ አያቴ ወንድም ዲያቆን ነበሩ፤ ጽሑፉም የእሳቸው እጅ መሆን አለበት። ከየካቲት 12 በኋላ በሰሜን ሸዋ አርበኞችን ይመሩ ከነበሩት ከአበበ አረጋይ ጦር ተቀላቀሉ። ካራቢኔሪዎች የመንደሩን ቤቶች ሲፈትሹ፣ ቅድመ አያቴ ፎቶውን ከሳጥን አውጥታ ወንድሟን በመቀስ ለየችው። የተቆረጠውን ምድጃ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ በላይ ግን መቁረጥ አልቻለችም። እጁ ያረፈው በእሷ ትከሻ ላይ ነበርና እጁን ለማጥፋት የራሷን ትከሻ መቁረጥ ነበረባት። «እጁን ማን ያውቀዋል ብዬ ተውኩት» ትል ነበር አሉ።

ወንድሟ አልተመለሱም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ቅድመ አያቴ ከሕዝቡ ጋር ወጥታ አርበኞቹን አንድ በአንድ እያየች እስኪመሽ ቆመች። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ፎቶው ያወራችው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። አያቴ «የዘመድ ነው» ብላ ዚፑን የዘጋችው ለምን እንደሆነ ገባኝ። ዝምታውን ከእናቷ ወርሳው ነው።

ጉርድ ፎቶ

ከድሉ በኋላ ፎቶ ቤት የጥቂቶች ብቻ መሆኑ ቀረ። ፒያሳና መርካቶ ኢትዮጵያውያን ፎቶ አንሺዎች ቤት ከፈቱ። በዓል ሲመጣ፣ ልጅ ሲመረቅ፣ ወጣት ሲታጭ ፎቶ ቤት መሄድ ወግ ሆነ። ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ተብሎ ተጽፎ ለጓደኛ ይሰጣል። ጥቁርና ነጩን ፎቶ በእጅ ቀለም የሚቀቡ፣ ከንፈር የሚያቀሉ፣ ቀሚስ ሰማያዊ የሚያደርጉ ባለሙያዎች ነበሩ። የእናቴና የእኅቶቿ የልጅነት ፎቶዎች ሁሉ ከዚያ ዘመን ናቸው። በ2010 ገደማ ሦስት ወጣቶች «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም ይህን የቤተሰብ አልበም ከየቤቱ ሰብስበው መጽሐፍ ሲያወጡ፣ ብዙዎቻችን የራሳችንን እናቶች ያየን መስሎን ነበር።

ከዚያ 1967 ዓ.ም መጣ። መስከረም 2 ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። በ1969 እና በ1970 ቀይ ሽብር ሲፋፋም፣ በአሰሳው ሌሊት አልበም እንደገና አደገኛ ነገር ሆነ። ከማን ጋር ተነሳህ? ይህቺ ማን ናት? እናቶች የልጆቻቸውን ፎቶ አቃጠሉ፣ በጓሮ ቀበሩ፣ በመቀስ ቆረጡ። በእኛ ቤት መቀሱ ለሁለተኛ ጊዜ ወጣ። እናቴ የኮሌጅ ጓደኞቿን ፎቶ በሙሉ በአንድ ሌሊት አነደደች። ያ አሮጌ ፎቶ ግን የሚከሰስ ሰው ስላልቀረበት ተረፈ።

በ2002 ዓ.ም መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው በጉርድ ፎቶ የተሞላ ነው። ለትምህርት ቤት፣ ለመታወቂያ የተነሱ፣ ቀጥ ብለው የሚያዩ ወጣቶች። ያንን ግድግዳ ያየ ሰው አንዲት ሦስት በአራት ወረቀት ምን ያህል ክብደት እንዳላት ያውቃል። የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ የነበሩት ሽመልስ ደስታም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ለንደን ሲሰደዱ ኔጋቲቮቻቸውን ይዘው ነበር የወጡት። ቤድሮስ ሙያውን ይዞ ወደ እኛ እንደመጣ፣ የእኛም ሰው የሙያውን ፍሬ ይዞ ወጣ።

ዳላስ

እናቴ በ1975 ዓ.ም በመተማ በኩል ሱዳን ገባች፤ ካርቱም ከርማ ዳላስ ደረሰች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ በር ከፍቶ ነበርና በእነዚያ ዓመታት በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሱዳን ካምፖች ወደ ቴክሳስ መጡ። እሷ የያዘችው አንድ ቀሚስና የጸሎት መጽሐፍ ነበር፤ ፎቶ የሚባል ነገር አልነበራትም። እኔ ከአሥር ዓመት በኋላ ይህን ይዤላት ስመጣ፣ በኤርፖርቱ አዳራሽ ፌስታሉን ፈትታ በርበሬ የሸተተውን ወረቀት ጉንጯ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። ዛሬ በግሪንቪል ጎዳናና በፎረስት ሌን አካባቢ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት፣ በጋርላንድ ቤተ ክርስቲያን አለን። ያን ጊዜ ግን እንጀራ ለመጋገር ጤፍ ማግኘትም ጭንቅ ነበር።

ፍለጋዬን የረዳኝ መሃል ዳላስ ያለው የኤሪክ ጆንሰን ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ስምንተኛው ፎቅ ለቤተሰብ ታሪክ የተሰጠ ነው። አንዲት አዛውንት በጎ ፈቃደኛ ፎቶዬን በሁለት ጣቷ ጠርዙን ይዛ ካየች በኋላ መጀመሪያ የገለበጠችው ጀርባውን ነበር። ከዚያ በማስመሪያ ለካችው። ቁመቱ 14 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 7 ሆነ። «የፖስት ካርድ ወረቀት ነው፤ ወርዱ 9 መሆን ነበረበት። ሁለት ሴንቲ ሜትር ሰው ጎድሎታል» አለችኝ። «ደግሞም ፎቶ ቤት የሄደ ቤተሰብ አንድ ቅጂ ብቻ አሳጥቦ አይመለስም። ሌላውን ፈልግ።»

እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የማሪየን ባትስ ኔጋቲቮች አሉ፤ በዘር መለያየት ሕግ ዘመን የዳላስን ጥቁር ሕዝብ ሠርግ፣ ምርቃትና ሰልፍ ያነሳ ሰው ነው። ፎርት ወርዝ ውስጥም ካልቪን ሊትልጆን እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ይህንኑ ሠርቷል። የከተማው ትልልቅ ጋዜጦች ያላዩትን ሕዝብ የራሱ ፎቶ አንሺዎች አይተውታል። የእነሱን ሥራ ሳይ ነው ቦያጂያኖችን የመረመርኩት። ሪቻርድ ፓንክረስትና ደኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት የጥንት ኢትዮጵያ ፎቶዎች መጽሐፍና የአድሪያን ዜርቮስ የ1936 መድበል መንገዱን አሳዩኝ።

ፎቶ አንሺውን ማወቅ ከተማውንና ዘመኑን ይሰጣል፤ ሰው ግን አይሰጥም። እኛ ደግሞ ፈረንጅ እንደሚያደርገው በቤተሰብ ስም መዝገብ አገላብጠን ዘመድ አናገኝም። የእኔ «የመጨረሻ ስም» የወንድ አያቴ ስም ነው፤ የአጎቴ ልጅ «የመጨረሻ ስም» ሌላ ነው። የአንድ ቅድመ አያት ልጆች ዳላስ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ሳይተዋወቁ ሊኖሩ ይችላሉ። የእኛ መዝገብ አፍ ነው። ሰባት ቤት የሚቆጥሩ፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያሉ የሚወርዱ አረጋውያን ናቸው መዝገቡ። እነሱም በየዓመቱ ይቀንሳሉ።

ስለዚህ ጥያቄውን ለአክስቴ ሰጠኋት። «የእማማ ወንድም ሚስት ነበራቸው?» አልኳት። አላወቀችም፤ ግን ለእድሯ ሰዎች ነገረች፣ እነሱም ለቡልጋ ሰዎች። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሄዶ ደብረ ብርሃን የሚኖሩ አንዲት የ80 ዓመት እናት ዘንድ ደረሰ። የእናታቸው የመጀመሪያ እጮኛ በጣሊያን ጊዜ በረሃ ገብቶ የቀረ ነበር። እናትየው ሌላ ባል አግብተው፣ ወልደው፣ ከብደው እስኪሞቱ ድረስ የዚያን ሰው ፎቶ በዳዊታቸው መካከል አስቀምጠው ኖረዋል።

አክስቴ በቴሌግራም ስትልክልኝ ሥራ ቦታ ነበርኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ ከፈትኩት። ያው ወንበር፣ ያው ኩታ፣ ያው ጣቷ የደበዘዘ ሕፃን። በስተግራ ደግሞ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ የጠመጠመ፣ ዕድሜው ከሃያ አምስት የማያልፍ ሰው ቆሟል። ከካሜራው ይልቅ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ ሕፃኗ ያያል። በአራት ሰው መካከል ያልተኮሳተረ እሱ ብቻ ነው። ግንባሩ የእናቴ ነው፤ ጆሮው የእኔ ልጅ ነው።

የጀርባውን ፎቶ ቀጥላ ላከችልኝ። የእርሳሱ ቁጥር አንድ ነው። ጽሑፉም የዚያው ሰው እጅ ነው፤ ግን ሙሉ ነው። የአራቱም ሰዎች ስም ከነአባታቸው፣ የሕፃኗም የክርስትና ስም ተጽፏል፤ ከሥሩም «በዘመነ ሉቃስ ጥቅምት 28 ቀን 1923 ዓመተ ምሕረት»።

የሴትዮዋን ቅጂ ከእጃቸው እንዲያወጡት አልጠየቅንም። ዘጠና ዓመት የጠበቀው ቤት ነው። እኛ ጥሩ ምስሉን አሠርተን ከተቆረጠው ጎን ሰቀልነው። የቆየውንም ከአሲድ ነፃ በሆነ ወረቀት ደገፍኩት፤ የቴክሳስ ሙቀት እንዳያገኘው ከመስኮት አራቅኩት።

መልሼ ከመክተቴ በፊት ገለበጥኩት። ወርዱ በጎደለበት በኩል፣ ከአሮጌው ወረቀት ሥር ብቅ ባለው አዲስ ወረቀት ላይ፣ ለስላሳ እርሳስ ይዤ የዲያቆኑን እጅ እየመሰልኩ መስመሩን ቀጠልኩት። እሱ «ጥቅ» ብሎ ካቆመበት «ምት 28 ቀን 1923» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎም ስሙን።